ኢተፋን ንፋስ እንዳይመታው

የሰበታ ሰው «ዶክተር» ይለኛል፤ እኔም አላርምም። ድሬሰር ነኝ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን አወራለሁ። የእኔ ነገር ሆኖ፣ በየቀኑ ቤቱ እየሄድኩ የማስታምመው ኢተፋ ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። ወሬዬ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ።

ኢተፋ ባሕር ዛፍ ፈላጭ ነበር። ግራ ጎኑ ላይ የወጣውን እባጭ የአዲስ አበባ ሐኪሞች አይተው፣ «ከእንግዲህ ስቃዩን ማስታገስ ብቻ ነው» ብለው መለሱት። በቀኝ ጎኑ ካልሆነ መተኛት አይችልም። አልጋውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ጀርባውን ለበሩ፣ ፊቱን ለግድግዳው።

«ንፋስ እንዳይመታው!» ብዬ ለሚስቱ ለአረጋሽ ረጅም ንግግር አደረግሁላት።

ሰውየው ግን እንቅልፍ አጣ። ስንነካው ይበረግጋል፤ ሲበረግግ ጎኑን ያመዋል፤ ያቃስታል። ሕመሙ ጠንቶበት ነው አልኩና ማስታገሻውን ጨመርኩ። እሱ ጣቱን ያዞራል።

«አልጋውን አዙሩልኝ እያለ ነው፣ ዶክተር» አለች አረጋሽ።

«በሽተኛ የማይለው የለም» አልኳት። አቤት መኮፈስ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ፣ እኔም ንፋሱን ሽሽት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። አረጋሽ ከፋብሪካ ሥራዋ ገብታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«በጃንሆይ አምላክ!» ብዬ ዘለልኩ። የቁስል ማጠቢያው ውሃ ሱሪዬ ላይ ተደፋ።

«ውይ፣ በሞትኩት! ተጣርቼ ነበር እኮ» አለች ሳቋን እያፈነች።

ሱሪዬን እየጠረግሁ ኢተፋን አየሁት። እሱ ቀኑን ሙሉ የሚቀምሰው ይህንን ነው። እጅ ሁሉ ከኋላው ዱብ ይልበታል፤ የሚስቱ ይሁን የእኔ መርፌ አያውቅም። ጆሮ ያለኝ ሰው እንዲህ ከጮህኩ፣ እሱ ምን ይበል? አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

አልጋውን እያለከለክን ፊቱን ለበሩ አዞርነው። አረጋሽ ወጣችና እንደገና ገባች፤ ከበሩ ቆማ እጇን አነሳችለት። እሱም አነሳ። ሄዳ ግንባሩን ስትዳብሰው አልበረገገም። የዚያን ዕለት ሳያቃስት ተኛ፤ ማስታገሻውንም ወደ ቀድሞው መለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ከበሩ እጁን ሳያነሳ አይገባም። እኔ ስመጣ ኢተፋ ጣቶቹን እንደ አፍ ይከፍታል፣ ይዘጋል። አረጋሽ ልትተረጉምልኝ አፈረች። የእኔ ስም ነው፤ ገብቶኛል።

ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዴ ከበሩ እጄን አነሳሁ። ዓይኖቹ ወደ እኔ ናቸው፤ ጣቶቹ ግን አልተንቀሳቀሱም። አረጋሽ እጁን ይዛ ተቀምጣለች።

«ውሃ ቀድቼ ስገባ አየኝ» አለች። «አየኝና ሄደ።»

እጄን እንዳነሳሁ በሩ ላይ ቀረሁ።