በሩን የከፈተችው

«እግዜር ያጽናህ» ይሉታል ጎረቤቶቹ ተራ በተራ እየቀረቡ፣ እጁን እየጨበጡ። ፕሬበን የሚሉት አይገባውም፤ ቢሆንም ለእያንዳንዱ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። የሟቿ የወንድም ልጅ ነው፤ ከዴንማርክ ወደዚህ የፖላንድ መንደር ትናንት ማታ ነው የደረሰው። አክስቱ ቲራ በሰሜን በኩል ባለው ክፍል፣ ክፍት መስኮት ሥር፣ በጥድ ሣጥን ውስጥ ተጋድማለች። ከመስኮቱ ማዶ የናሬቭ ወንዝ በረዶ እየተሰነጠቀ ይንቋቋል።

ሳሎሜያ ማዕድ ቤቱ ደፍ ላይ ቆማ ዳቦ ትቆርጣለች። ጎረቤቱ ሁሉ በአጠገቧ እያለፈ ወደ ሰውዬው ይሄዳል። እሷን ማንም አልጨበጣትም። ዘመድ እሱ ነው፤ እሷ የባዕድ አገሯን ሴት በቤቷ ያስጠጋች አሮጊት ናት። አልከፋትም። እጇ ቢላዋውን እንደያዘ ታያለች፤ የራሷ ሳይሆን የሌላ ሰው እጅ ይመስላታል።

«እትዬ ሳሎሜያ፣ ኧረ ቁጭ በይ» አለች የአጥር ጎረቤቷ ሌኦካድያ። «እኔ እቆርጠዋለሁ።»

«ልጨርሰው።»

«ከጠዋት ጀምሮ ስትቆርጪ ነው የዋልሽው። ለሠርግ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» አለችና አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። «ይቅር በለኝ አምላኬ። ምላሴ ነው።»

«ምንም አይደል።»

«ሰውዬውስ ሾርባ ይበላል? እነሱ አገር ዓሣ በጥሬው ነው አሉ።»

«ስጪው። ካልፈለገ ይተወዋል።»

«ምን ብዬ ልስጠው? ይህን ሁሉ ዘመን ከዴንማርኳ ጋር ኖረሽ አንድ ቃል አልቀሰምሽም?»

«በእኛ ቋንቋ ነበር የምታወራኝ።»

«እሱማ ነው። ያውም እንደ ሟች አያቴ» አለች ሌኦካድያ፤ ፈገግ ልትል ስትል ከሰሜኑ ክፍል የሴቶቹ መዝሙር ተነሣና ፊቷን ሰብሰብ አደረገች።

እውነቷን ነው። ቲራ ያደገችው በደቡብ ዴንማርክ ደሴት ላይ፣ ገበሬ ቤት ነበር። ስኳር የሚወጣበትን የቀይ ሥር ዓይነት ተክል ሊያርሙ ከፖላንድ መንደሮች ሄደው እዚያው የቀሩ ሴቶች በአባቷ እርሻ ይሠሩ ነበር፤ ፖላንድኛን ከእነሱ አፍ ለቀመችው፤ ከነስድቡ፣ ከነዘፈኑ። በኋላ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ዋርሶ ስትመጣ፣ ባቡር ጣቢያው ላይ ትኬት ቆራጩን «ጌትዬ፣ ይህ ሰረገላ ወዴት ይነጉዳል?» ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው ቆቡን አውልቆ ሳቀ። ልትቀበላት የመጣችው፣ እስከዚያ በደብዳቤ ብቻ የምታውቃት ሳሎሜያም አብራ ሳቀች። ከዚያ በፊት የሳቀችው መቼ እንደነበረ አላስታወሰችም።

መዝሙሩ አለቀ። ሳሎሜያ ዳቦውን ጨርሳ ፍርፋሪውን በመዳፏ ሰበሰበችው። የት እንደምትጥለው ግን ስለጠፋት ጨብጣው ቆመች።

በማግስቱ ቀበሯት። የመንደሩ ቄስ አባ ዜኖን የሌላ ሃይማኖት ሰው ናት ሳይሉ በጥዶቹ በኩል ቦታ ሰጡ። አፈሩ ሥሩ ገና በረዶ ስለነበር ቆፋሪዎቹ በዶማ ነው የሰበሩት። ሰው ሁሉ አፈር ሲጥል ሳሎሜያም ጣለች። ሌኦካድያ ክንዷን ይዛት ነበር፤ «አልቅሺ እንጂ፣ ይወጣልሻል» አለቻት። ሳሎሜያ የምታለቅስበትን ቦታ በውስጧ ፈለገችው። እንደ ወንዙ ዳር ከላይ ድፍን በረዶ ነው፤ ከሥሩ ውሃ ይኑር አይኑር አይታወቅም።

ለቀብሩ ከዋርሶ አንዲት ወጣት መጥታ ነበር፤ ማልቪና ትባላለች። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከእህቷ ጋር፣ መጻሕፍት ታሳትማለች፤ የምታሳትመውም የተረሱ ሴት ደራስያንን ነው። ሳሎሜያን ያገኘቻት ዩኒቨርሲቲ በተማረችበት የሥነ ጽሑፍ ታሪክ መጽሐፍ ላይ ነው። «ስምዎ እንኳ የለም» ብላት ነበር መጀመሪያ የመጣች ቀን። «የወንዶቹ ስም አንድ ገጽ ሙሉ ተዘርዝሮ ሲያበቃ ‹እና ሌሎች› ይላል። ሌሎች ማን እንደሆኑ ስፈልግ ነው እርስዎን ያገኘሁት።»

ቲራ ያን ቀን ጠረጴዛውን በጡጫዋ መትታ ነበር። «‹ሌሎች› ይሏታል! ላም መሰለቻቸው እንዴ?»

ማልቪና ልታሳትመው የምትፈልገው የሳሎሜያ ልብ ወለድ ስለ ቴክላ ነው። ቴክላ ገና ልጅ ሳለች ለጉልበት ሥራ ወደ ጀርመን እርሻ ትወሰዳለች፤ እዚያ ትወልዳለች፤ ልጇን ይነጥቋታል፤ ጦርነቱ ሲያልቅ በእግሯ ወደ መንደሯ ትመለሳለች። የኮሚኒስቱ መንግሥት ሳንሱር ጀርመኖቹ ያደረጉትን ሁሉ አሳለፈው። የቆረጠው ከተመለሰች በኋላ የገዛ ሰዎቿ ያደረጉባትን ነው። ስለዚህ በፖላንድኛ የታተመው ቀጭን መጽሐፍ ቴክላ እየዘፈነች ድንበር ስትሻገር ያልቃል። ሳሎሜያ በዚያ ዘፈን አፍራ ከመጽሐፉ አንድ ቅጂ እንኳ ቤቷ አላስገባችም። የራሷን ሙሉ ረቂቅ ፖሊሶች ቤቷን ሲፈትሹ ወሰዱት፤ አልመለሱትም። አንድ ቅጂ ብቻ ከግዲኒያ ወደብ በመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ጓዝ ተደብቆ ኮፐንሃገን ደረሰና ቲራ ተረጎመችው። በዴንማርክም ጥቂት ሰው አነበበው፤ ከዚያ ተረሳ። ሙሉው መጽሐፍ ግን በዓለም ላይ ያለው በዴንማርክኛ ብቻ ነው። ጸሐፊዋ የማታነበው ቋንቋ።

ሥርዓቱ ወድቆ፣ ቲራም ጡረታ ወጥታ ወደዚህ ቤት ስትገባ፣ መጽሐፉን ወደ ቤቱ ይመልሱት ጀመር። ቲራ ዴንማርክኛውን በዓይኗ ታነብና በፖላንድኛ ትናገራለች፤ ሳሎሜያ ትጽፋለች።

«ይሄ የእኔ ዓረፍተ ነገር አይደለም» ትላለች ሳሎሜያ።

«ታዲያ የማን ነው? የእኔ ነው?»

«እኔ እንዲህ ረዥም አልጽፍም።»

«በዴንማርክኛ ነው የረዘመው። አንቺ እጠሪው። እኔ በእጄ ያለውን ነው የምሰጥሽ።»

እንዲህ እየተነታረኩ፣ ድንች እየላጡ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ጫፍ ላይ ደረሱ። እዚያ ላይ ቲራ ቆመች። ዓይኔን ደከመኝ አለች። የፊተኞቹን ምዕራፎች እንደገና እንያቸው አለች። ነገ አለች። ክረምቱ በዚሁ አለፈ፤ በመጨረሻ ልቧ ቆመ።

ከቀብር መልስ እንግዶቹ ሾርባና ቋሊማ ቀርቦላቸው ተቀመጡ። ማልቪና እንግሊዝኛ ስለምታውቅ ፕሬበን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወራው ሰው አገኘ።

«ለመጨረሻው ምዕራፍ አይጨነቁ» አለች ማልቪና ወደ ሳሎሜያ ጎንበስ ብላ። «ዩኒቨርሲቲ ዴንማርክኛ የሚያስተምር ሰው አለ። እሱ ይተረጉመዋል።»

«እሺ» አለች ሳሎሜያ።

ፕሬበን አንድ ነገር ተናገረ። ማልቪና ሰምታ ተረጎመችላት። «መጽሐፉን በወጣትነቱ አንብቦታል። እናትየው በሩን ከፍታ፣ ልጅቷን ምንም ሳትጠይቅ ተንበርክካ የጫማዋን ማሠሪያ ስትፈታላት አልቅሻለሁ ይላል።»

ሳሎሜያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የማን እናት?»

«የቴክላ። መጨረሻው ላይ።»

ሳሎሜያ ሰውዬውን አየችው። ከዚያ ተነሥታ ባዶ ሳህን ሰበሰበች። ማልቪና ከመነሣቷ በፊት ደጋግማ «አመመዎት?» አለቻት። አላመማትም። ማታ አውቶቡሱ ወጣቷን ይዞ ሄደ፤ ሰዉም ተበተነ።

በነጋታው ጠዋት ፕሬበን ሻንጣውን በሩ አጠገብ አቁሞ ሻይ ሲጠጣ፣ ሳሎሜያ ዴንማርክኛውን መጽሐፍ አምጥታ ፊቱ አኖረችው። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ከፍታዋለች። አፏን ስትከፍት ጀርመንኛው ከጉድጓድ እንደሚወጣ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«አንብብልኝ። በጀርመንኛ።»

ፕሬበን ብርጭቆውን አስቀመጠ። እሱ የወተት ማሽን ሻጭ ነው፤ በሥራው ምክንያት ጀርመንኛ ያውቃል፤ ይህንንም ቲራ ድሮ ነግራታለች። «አክስቴ እኮ ጀርመንኛ አይችሉም ብላኝ ነበር።»

«አልናገረውም። መቻልማ እችላለሁ። በጅራፍ ነው የተማርኩት።»

አነበበላት። እየተደናቀፈ፣ አንዳንዱን ቃል እየፈለገ። ቴክላ በዝናብ መንደሯ ትደርሳለች። የጎረቤት ሴቶች በመስኮት ያዩዋታል። በሩን ታንኳኳለች። እናቷ መብራት ይዛ ትከፍታለች። ከየት መጣሽ አትላትም። ወንበር ላይ ታስቀምጣታለች፤ ትንበረከካለች፤ ማሠሪያው ረጥቦ ስለተቋጠረ በጥርሷ ትፈታዋለች።

ሳሎሜያ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች። ለዶሮዎቹ ጥሬ በተነች። የተፈለጠ እንጨት ነበር፤ ከአንዱ ክምር አንሥታ ወደ ሌላው ክምር አጋዘችው። እጇ ሲቀዘቅዝ ተመለሰች። ሰውዬው ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም።

«ይሄን እኔ አልጻፍኩትም» አለችው።

ፕሬበን ገጹን በጣቱ ይዞ ቀና አለ። «አባቴ የሚያወራው ነገር ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «የመርከቡ ሠራተኛ ጉምሩኮች ሲገቡበት ደንግጦ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ መጨመር ጀመረ። ከመጨረሻዎቹ ገጾች ጀምሮ። ሄደው ሲያበቁ የተረፈውን ለአክስቴ ሰጣት። እርስዎን ጠይቃ ያስጨረሰችው ነበር የሚመስለኝ።»

«በምን ትጠይቀኝ? ደብዳቤው ሁሉ ይከፈት ነበር፤ እሷም ያን ጊዜ እንድትመጣ አይፈቀድላትም ነበር።»

ተቀመጠች። አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ቲራ ገና እዚህ ቤት በገባችበት የበጋ ወራት የሆነ። ድንገት «አንቺ ከጀርመን ስትመለሺ እናትሽ ምን አለች?» ብላ ጠየቀቻት። ሳሎሜያ በሕይወቷ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻት። አንኳኳሁ፤ ከውስጥ ትንፋሿን ሰማሁት፤ አልከፈተችልኝም። የጀርመን ዲቃላ የወለደች ተብሎ ተወርቶ ነበር። እስኪነጋ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሲነጋ ሄድኩ። ቲራ ይህን ስትሰማ ፊቷ እንደ ኖራ ነጣ። ተነሥታ ወጣች፤ እስከ ምሳ አልተመለሰችም። ስትመለስ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። ሳሎሜያ ለእኔ አዝና ነው ብላ ነበር። የራሷ ጭንቀት እንደሆነ አሁን ነው የገባት። በተቃጠለው ገጽ ፋንታ ራሷ የጻፈቻትን በር ከፋች እናት ለሳሎሜያ ማንበብ አቅቷት፣ ስንት ጠዋት «ነገ» እያለች ኖረች።

«ውሸታም» አለች በፖላንድኛ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም። ምንም አልነበረውም።

«የእርስዎ እንዴት ነበር የሚያልቀው?» አለ ፕሬበን።

«በሩ አይከፈትም።»

ሰውዬው መጽሐፉን ዘጋው። «እንግዲያው ይሄ ይቅር። የእርስዎን እንደገና ይጽፉታል። መጽሐፉ የእርስዎ ነው።»

ሳሎሜያ እጆቹን አየቻቸው፤ ጣቶቹ ረዣዥም ናቸው፤ አውራ ጣቱ እንደ ቲራ ወደ ኋላ ይጎብጣል።

«የእኔን እጽፈዋለሁ» አለች። «አውቀዋለሁ፤ የትም አይሄድብኝም። የእሷን ግን ዛሬ ካልጻፍነው አንተ መሄድህ ነው።»

«ዩኒቨርሲቲ ያለው ሰው...»

«እሱ እሷን አያውቃትም። እሷ እንዴት እንደምትናገር የማውቀው እኔ ነኝ። ክፈተው፤ ከመጀመሪያው። ቀስ ብለህ።»

ፕሬበን አንዴ ሻንጣውን፣ አንዴ ሰዓቱን አየና ኮቱን አወለቀ።

እሱ በጀርመንኛ ይላታል፤ እሷ በፖላንድኛ ትጽፋለች። መጀመሪያ በራሷ አጻጻፍ፣ በአጭር በአጭሩ ጀመረች፤ ሰረዘችው። ዓረፍተ ነገሮቹን አስረዘመቻቸው። ለእናትየው የድሮ የገጠር ሴት አፍ ሰጠቻት፤ ያቺ የባቡር ጣቢያዋ ቲራ የምትናገረውን። ሌኦካድያ ዳቦ ይዛ ብቅ ብላ፣ ሁለቱን በጀርመንኛ ሲነጋገሩ ሰምታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ዳቦውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

«‹በጥርሷ ፈታችው›» አለ ፕሬበን። «ከዚያ የለም። አለቀ።»

«አለቀ» አለች ሳሎሜያም።

ከሰዓት በኋላ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችው። ከመሳፈሩ በፊት ሁለት ጉንጯን ሳማት፤ «እግዜር ያጽናዎት» የሚለውን ሰዎቹ ሲሉት ሰምቶ ኖሮ፣ አጣሞ፣ በፖላንድኛ አላት። እስካሁን ያላት ሰው አልነበረም። አንገቷን ዝቅ አደረገች።

ቤት ገብታ ወረቀቶቹን አስተካከለች። የቲራን ምዕራፍ ለብቻው ከፍላ ከላይ ንጹሕ ገጽ አደረገችበት። ‹የቲራ መጨረሻ› ብላ ጻፈች። ከግርጌው በትንንሽ ፊደል ‹ተርጓሚ፦ ሳሎሜያ› አለች። የደራሲዋን የቲራን ሙሉ ስም ልትጽፍ ስትል እርሳሷ ቆመ። በቲራ የአባት ስም ውስጥ ፖላንድኛ የማያውቀው ፊደል አለ፤ ክብ ሆኖ በመሐሉ ሰያፍ ጭረት የሚያልፍበት። በደብዳቤው ዘመን ሁሉ፣ ፖስታው ላይ፣ ተራ ክብ አድርጋ ነበር የምትጽፈው። ቲራም አንድ ቀን አላረመቻትም።

የዴንማርክኛውን መጽሐፍ አቅርባ ፊደሉን አየችው። ክቡን ሣለች። ከዚያ እርሳሱን ከላይ ከቀኝ በኩል አስቀምጣ፣ ጭረቱን በመሐሉ ቁልቁል ሳበችው።