የተሰፋ ኪስ

«ማን ፈረመ? እሱን ብቻ ንገሪኝ!»

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጎረቤቶች የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወደ እህትና ወንድሙ ዞሩ። የሁለቱ እናት ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ወንድሙ ከሩቅ ከተማ ሲመጣ የደረሰው ለቀብሩ ብቻ ነበር። በጥድፊያ የገዛው ጥቁር ኮት እጅጌው እስከ ጣቶቹ ይወርዳል።

«እኔ ነኝ» አለች እህቱ።

«መንገድ ላይ ነኝ እያልኩሽ የመተንፈሻ ማሽኑ ይነቀል ብለሽ ፈረምሽ? አንድ ቀን መጠበቅ አቃተሽ?»

«ውክልናው እሷ እጅ ነው አሉ» ስትል አንዷ ለቀስተኛ ወደ አጠገቧ ሴት አዘነበለች።

«ታላቁ እያለ? እንጃ!»

«ኧረ ልጆች፣ አፈሯ እንኳ አልደረቀም» አለች አክስታቸው።

የውክልናው ወረቀት እህቲቱ ጉያ ውስጥ ነበር። ብታወጣው ከሐሜት ትድናለች። ወንድሟ ግን ከኋላው የተጻፈውን ያነባል።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበረች። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የተበላሸ ስፌት የምትተረትርላት ይህችው ልጇ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሳታስነጥስ ሳታስል፣ ብትታመም ስለ ሕክምናዋ እንድትወስንላት ውክልና ልትሰጣት እጇን ይዛ ወደ ውል ጸሐፊ ወሰደቻት።

«አሞዎት ነው እንዴ እናቴ?» አለ ጸሐፊው።

«ልብስ የሚለካው ቆሞ ነው ልጄ። ከወደቅኩ ማን ይለካኛል?»

ጸሐፊው ሳቀ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

«እማ፣ ለምን ለእሱ አትሰጪውም? ታላቅ እሱ አይደል?»

«እሱ የያዘውን አይለቅም፤ ከሕፃንነቱም እንደዚያው ነው። አንቺ መተርተር ታውቂያለሽ።» ከዚያ የጸሐፊውን ብዕር ተቀብላ ከወረቀቱ ጀርባ ጻፈች። «ካልጨነቀሽ አታሳዪው።»

አሁን ወንድሟ ሻንጣውን ከግድግዳው ሥር አነሳ።

«ወረቀቱን አሳዪኝ። አለዚያ ከዛሬ ጀምሮ እህት አለችኝ አልልም።»

«ወንድምዬ፣ ይቅርብህ።»

«አሳዪኝ!»

ከጉያዋ አወጣችው። የወረቀቱን ፊት አነበበ፤ ማኅተሙን አየ፤ ገለበጠው። ከንፈሩ እያንዳንዷን ቃል ተከተለ፦

«ልጄ እስኪደርስ ብላችሁ በማሽን አታቆዩኝ። እሱ ካለቀሰ መሄድ ያቅተኛል።»

ሻንጣው ከእጁ ወደቀ። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ወረቀቱን ለአራት አጥፎ ወደ ኮቱ ኪስ ላከው። አልገባም። እንደገና ሞከረ። ኮቱ አዲስ ነው፤ የኪሱ አፍ ከሱቅ ሲገዛ እንደነበረው ገና እንደተሰፋ ነው። እሱ ግን አልገባውም፣ ደጋግሞ ይገፋል።

እህቱ ተነስታ የእናቷን የስፌት ሣጥን ከፈተች። ትንሿን ምላጭ ይዛ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች፤ ጨርቁን በጣቷ ወጠር አደረገችና ክሩን አንድ በአንድ ትተረትር ጀመር።