ቅቤ የጠጣው ጠመንጃ

«ጠቅ!»

ሌላ ምንም የለም። መሬት የሚያናውጥ ፍንዳታ ሲጠበቅ የወጣው ድምፅ የእስክሪብቶ ክዳን ሲዘጋ ከሚሰማው አይበልጥም። ሙሉነህ በሆዱ እንደተኛ፣ ጉንጩን ሰደፉ ላይ እንዳስደገፈ፣ ጣቱን ከቃታው ላይ አነሳ።

«እንዳትነካው! አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ይቆይ» አለ ጆኒ ከኋላው በእንግሊዝኛ። ጆኒ የተኩስ ሜዳው ኃላፊ ነው፤ ጺሙ ላይ በረዶ የሚያንጠለጥል፣ ሳቅ በዓመት አንዴ፣ እሱም ቀጠሮ አስይዞ የሚጎበኘው ሰውዬ። አልፈነዳ ያለ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል መጠበቅ ግድ ነው።

ሙሉነህ ጠበቀ። ከቶሮንቶ በስተሰሜን ባለው በዚህ ሜዳ ላይ የዛሬው ብርድ፣ ሰው የተናገረው ቃል ጆሮ ሳይደርስ መሬት ወድቆ እንደ ብርጭቆ የሚሰበርበት ዓይነት ነው። ሲፈቀድለት ቦልቱን፣ ጥይት የሚያጎርሰውን ተንሸራታች ብረት ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ሳበው። ሌላ ጊዜ ሽው ብሎ የሚመጣው ብረት ዛሬ እንደ አሮጌ በር እያቃሰተ ወጣ። ጥይቱ ወደቀ። የቦልቱ መርፌ መትቶ ሊያጎደጉደው የሚገባው ቂጡ ላይ ትንኝ የነከሰችው ያህል እንኳ ምልክት የለም።

ከዚያ ሽታው መጣ።

የባሩድ አይደለም። የመኪና ዘይትም አይደለም። ጓንቱን አውልቆ ቦልቱን በጣቱ ነካና አሸተተ። ኮረሪማ አለበት። ኮሰረት አለበት። ከሥሩ ደግሞ የከረመ፣ የቆመጠጠ፣ እርጥብ ካልሲ ውስጥ ያደረ የሚመስል ነገር አለ። እዚህ፣ ጠመንጃ ላይ!

«ሙሌ! ጉንፋን ያዛት እንዴ?» አለ ብሩኬ ከጎኑ ካለው ምንጣፍ ላይ። ቤት ሻጭ ነው፤ ፊቱ በየአውቶቡስ ፌርማታው ተለጥፎ ጥርሱን ያሳያል። ጠመንጃውን ከነሳጥኑ ተሠርቶ ያለቀ ገዝቶ የመጣ፣ ነጭ የላባ ጃኬት የለበሰ ሰው ነው። «ብዬሃለሁ እኮ ብራዘር! ከገበሬ ጎተራ በወጣ ብረት ቲም ውስጥ አይገባም። ዶሮ ሌባ ማባረሪያ ነው ይሄ!»

ሙሉነህ አፉን በጓንቱ ያዘ። አፉን ቢከፍት የሚወጣው ቃል ሳይሆን ቁርስ ነበር።

ጠመንጃውን ከፋሲካ ጀምሮ ነው የሠራው። አሮጌ የአደን ጠመንጃ ከአንድ የፒተርቦሮ ገበሬ ገዛ፤ በርሜሉን ዝገት በልቶት፣ እንጨቱ ውስጥ አይጥ ወልዳ አሳድጋ ድራለች። ሁሉንም ጣለና ቦልቱ የሚመላለስበትን የብረት ቤት፣ ተኳሾቹ አክሽን የሚሉትን፣ ብቻ አስቀረ። የብሩኬን ዓይነት አክሽን የሚገዛ ሰው ቤት ኪራይ የሚባል ነገር መኖሩን የረሳ መሆን አለበት። ሙሉነህ ደግሞ የሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ እየጠገነ ነው የሚኖረው። እናም ከሥራ ሲወጣ በአለቃው ወርክሾፕ እየቀረ ያቺን ብረት በእጁ ሞረዳት፣ አሻት፣ አለሰለሳት። አዲስ በርሜል አዘዘላት። ሰደፍ አገኘላት። ሚስቱ ሰገነት ነገሩ ሲብስባት «ያቺ ቀጭኗ ዛሬ ለቀቀችህ እንዴ?» ማለት ጀመረች።

ይሄ ሁሉ ለዛሬ ነበር። የክለቡ የክረምት ቡድን ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቷል፤ ብሩኬ ቀድሞ ገብቷል፤ የመጨረሻው ፈተና ዛሬ ነው። ጠመንጃው ከየትም ይምጣ፣ አምስት ጥይት በአንድ ሳንቲም ስፋት ውስጥ ያሳረፈ ይገባል። ባለፈው ወር ለልምምድ ሲተኩስ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ተላልሰው ነበር። ጆኒ ራሱ ወረቀቱን አንስቶ አይቶ «እም» ብሏል። ከጆኒ አፍ «እም» ማለት ከሌላው ሰው ጭብጨባና እልልታ ይበልጣል።

«ወደ ክለቡ ቤት ግባና ፈታትተህ እየው» አለው አሁን ጆኒ። «የተኩስ መስመሩ እስኪዘጋ ጊዜ አለህ። ምን እንደሆነ ግን ትነግረኛለህ። ብረቱ ራሱ ብልሹ ከሆነ እዚህ ሜዳ ሁለተኛ እንዳላየው። ሳታውቀው የደረሰበት ነገር ካለ አጽድተህ ትተኩሳለህ። አያያዝህ ከሆነ ግን ለከርሞ። ጠመንጃውን መጠበቅ የማይችል ሰው ቡድኔ ውስጥ አላስገባም።»

የክለቡ ቤት ውስጥ ምድጃው ይነዳል፣ አንዱ ጥግ ላይ ሆትዶግ ይሽከረከራል። ከምድጃው አጠገብ የሰገነት አባት አቶ ሰብስቤ፣ ካፖርት ላይ ካፖርት፣ በዚያ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ ያመጣቻቸው በመከር ነው። ዛሬ ጠዋት «ቤት ውስጥ ታፍነዋል፣ አየር ይቀበሉ» ብላ ነው ሙሉነህ መኪና ውስጥ ያስገባቻቸው።

ሙሉነህ ቦልቱን ጠረጴዛ ላይ ፈታታው። በሙቀቱ ቢጫ ነገር ከውስጡ መውረድ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ እየተዝለገለገ፣ እንደ ቁስል። የመርፌው ሞላ በየጥምዝዙ ተሞልቷል፤ መሃሉ ላይ የኮረሪማ ፍሬ ቅርፊት ተጣብቆ እንደ ዓይን ያየዋል። ጣቱ ላይ ፈሰሰ፣ እጅጌው ውስጥ ገባ፣ ክርኑ ደረሰ። ሽታው ከሆትዶጉ ጋር ተገናኘና ሁለቱ ተጋቡ። የወለዱት ነገር ስም የለውም።

«አባባ» አለ ሙሉነህ፣ «ይቺን ብረት ነክተዋታል?»

«ነካኋት እንጂ!» አሉ አቶ ሰብስቤ ደስ ብሏቸው። «አወቅኸው? እኔ እኮ ሳልነግርህ በሥራዋ ታያለህ ብዬ ነው።»

«ምን አደረጓት?»

«ማታ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ራቁቷን አስተኝተሃታል። ደርቃለች፣ ገርጥታለች። ጠብታ ዘይት እንኳ የለባትም! አዘንኩላት። ለሰገነት ‹ባልሽ ብረት አያያዝ አያውቅም› ብዬ እንዳላሳጣህ፣ ዝም ብዬ ከማሰሮው ዘገንኩና አሸኋት። ውስጧም እንዲደርስ በስንጥር ጎሰጎስኩላት።»

«ለወጥ የተነጠረውን?»

«ለጋውማ አልቋል! ይሄኛው ትንሽ ከርሟል፣ ግን ብረት መች ይመርጣል?»

ሙሉነህ ዓይኑን ጨፈነ። ቦልቱን ያደረቀው ሆን ብሎ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከቅዝቃዜ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው፤ ብርድ ላይ ዘይት እንደሚወፍር ያውቃል። ስለዚህ ቅባቱን በሙሉ በሚያጥብ ፈሳሽ አጥቦ፣ ጠርጎ፣ እንዲደርቅ አሳደራት። ጠመንጃው ተቆልፎበት ነበር፤ ቦልቱ ብቻውን ከማንኪያ የማይሻል ብረት ነው ብሎ አልቆለፈበትም። ሽማግሌውንም «እንዳይነኩ» አላላቸውም። ማን ያስበዋል? ጠዋትም በጨለማ፣ ጓንት እንዳጠለቀ አንስቶ ሳጥኑ ውስጥ ከተታት።

«ፋዘር! ምን አሉ? እስኪ እንደገና ይበሉት!»

ብሩኬ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገብቷል። ስልኩ ወጥቷል፣ እየቀረጸ ነው። አቶ ሰብስቤ አድማጭ ማግኘታቸው ነው የገባቸው፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ቅቤ ቀባኋት! የአጎቴ ምንሽር በዓመት አንድ ቅል ቅቤ ትጠጣ ነበር። አንድ ቀን ጅብ ላይ ቢተኩስ፣ ጅቡ ተራራ ዞሮ አመለጠ። ጥይቷም ዞረች!»

«ጥይቷ ዞረች?»

«ዞረች እንጂ! እኛ እራት በልተን እጃችንን ስንታጠብ፣ ከተራራው ማዶ ‹አው!› ሲል ሰማነው።»

ብሩኬ በሳቅ ጠረጴዛውን ደበደበ። ሙሉነህም ፈገግ አለ። ፈገግ ማለቱን ያወቀው ብሩኬ ስልኩን አዙሮ ሲያሳየው ነው። የሽማግሌው አፍ ስክሪኑን ሞልቶታል፤ የቀሩት ጥርሶች፣ ከንፈር ላይ ያረፈ ምራቅ፣ ከበላይ ደግሞ በእንባ የሚስቅ ቢጫ ፊት ተለጥፏል። ጥጉ ላይ የራሱ ፈገግታ አለ። ከቅቤው የባሰ አቅለሸለሸው።

«ስማኝ ሙሌ» አለ ብሩኬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዳንኩ በል። ይሄን ለጆኒ ላሳየው፣ ልተርጉምለት። አንተ አላወቅክም፣ ብረትህም ንጹህ ናት። አጽድተህ ትተኩሳለህ፣ ቲም ትገባለህ።»

«አንተ ለኔ መግባት ምን ቸገረህ?»

«ወንድሜ አይደለህ? ደግሞ ቪዲዮውን ሐበሻ ግሩፕ ላይ ፖስት አደርገዋለሁ። ማታ ቶሮንቶ በሙሉ ያየዋል። ፋዘር ፌመስ!»

ሙሉነህ ሽማግሌውን አየ። ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ወዳጃቸው ቤት እሁድ እሁድ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። አቶ ሰብስቤ ከመጡ ወዲህ አንድ ያገኙት ነገር ቢኖር እዚያ መሃል ላይ ያለችውን ወንበር ነው። ሲያወሩ ሰው ሻይውን አስቀምጦ ይሰማቸዋል። ቪዲዮው ማታ ከወጣ ግን ገና በር ላይ ሲደርሱ አንዱ «ቅቤው መጣ» ይላል፤ ሌላው ስልኩን ያወጣል። እሳቸውም ወሬያቸው የተወደደ መስሏቸው ይነግሯቸዋል። ያ ነው የሚያስጠላው። እየተሳቀባቸው ይነግሯቸዋል።

በሩ ተከፈተ። ጆኒ ገባና ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ቆመ። አፍንጫው ተሸበሸበ።

«እዚህ የሞተ እንስሳ አለ?»

«ቅቤ ነው» አለ ሙሉነህ በእንግሊዝኛ።

«ቅቤ።»

«ቅመም ያለው።»

ጆኒ ጠረጴዛውን፣ ከዚያ የሚያንጠባጥበውን ሞላ አየ። አርባ ዓመት ጠመንጃ ያየ ሰው ፊቱ ልክ ሾርባው ውስጥ ጸጉር እንዳገኘ ሰው ሆነ። «ማን ነው እዚህ ውስጥ የጨመረው?»

ብሩኬ ስልኩን ከፍ አደረገ። አቶ ሰብስቤ ስለሳቸው የተጠየቀ መስሏቸው ለጆኒ በአክብሮት ከወገባቸው ጎንበስ አሉ።

ሙሉነህ ቅቤ የፈሰሰበትን እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«እኔ። አገር ቤት እንዲህ ይደረጋል። ይሠራል ብዬ ነው።»

«ዋሸ!» አለ ብሩኬ ባማርኛ፤ ከድንጋጤው የተነሳ እንግሊዝኛው ጠፍቶበት።

ጆኒ ከሞላው ወደ ሙሉነህ ፊት ቀና አለ። «ከምንም ተነስተህ እንዲህ ያለ ነገር ሠርተህ…» አለና ራሱን ነቀነቀ። «አላምንም።»

«የብረቱ ጥፋት አይደለም።»

«አውቃለሁ። ብረቱ ደህና ነው፤ ያንተ ጥፋት ነው። ለከርሞ ና። ይሄን ነገር ከጠረጴዛዬ ላይ አጥፋልኝ።» ወጣ። በሩን ክፍት ተወው፣ አየር እንዲገባ።

«የማትረባ ሰው!» አለ ብሩኬ። «ቦታውን በእጅህ አስይዤህ? ቆይ፣ እኔ ግን ፖስት ማድረጌ አይቀርም።»

ሙሉነህ ተነሳ። ሁለቱንም መዳፎቹን ዘርግቶ ቀረበው። መዳፎቹ ያብለጨልጫሉ፤ ከጣቶቹ መሃል ቢጫው ክር እየሠራ ይወርዳል። ከነጩ ጃኬት አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

«ዲሊት አድርገው።»

«ሙሌ፣ እንዳትቀልድ! ይሄ ጃኬት እኮ…»

«ልቀፍህ፣ ወንድሜ አይደለህ? ይሄ ሽታ ላውንድሪ አያወጣውም። ቤት ልታሳይ በገባህ ቁጥር ገዢው መስኮት ይከፍታል። መኪናህ ውስጥም ሽታው እስክትሞት ካንተ ጋር ይኖራል፤ ልጆችህ ይወርሱታል።»

የብሩኬ አውራ ጣት በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም። የተጣሉ ፋይሎች ከሚቀመጡበትም እንዲያጠፋው ሙሉነህ ቆሞ አሳየው።

መኪናው ውስጥ ማሞቂያው ሲሠራ ሽታው እንደገና ነቃ። ከእጅጌው ተነሳ፣ ከሽማግሌው ጋቢ ተነሳ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ካለው ሳጥን ተነሳ፤ ሦስቱም መሃል መንገድ ላይ ተገናኝተው አፍንጫው ላይ ስብሰባ ተቀመጡ። አውራ ጎዳናው ላይ ሲደርሱ አቶ ሰብስቤ ወደ እሱ ዞሩ።

«ያ ጺማሙ ምን አለህ?»

ሙሉነህ «ብረቱ ጥሩ ነው አለ» ሊል አፉን ከፈተ። ቀላል ውሸት ነው፣ ግማሹም እውነት ነው። ነገር ግን እኚህ ሰው ሕፃን አይደሉም።

«አባባ፣ ቅቤው ነው ያበላሸው። ብርድ ላይ ረግቶ መርፌዋን ያዛት። ቦታውን ለዚህ ዓመት አጥቼዋለሁ።»

አቶ ሰብስቤ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው አዩት፤ መልሰው ከተቱት።

«ታዲያ ደረትህን ይዘህ ምን አልከው?»

«እኔ ነኝ የቀባሁት አልኩት።»

የበረዶ መጥረጊያ መኪና አለፋቸው፣ ጨው በመስታወቱ ላይ ረጨ።

«ሁለተኛ ግን እንዳይነኩብኝ፣ አባባ።»

«አልነካም» አሉ። ሌላ ጊዜ አንድ ቃል ሲወጣቸው አሥር ተከትሎት ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ያ ብቻ ወጣ።

ሙሉነህ ከዚያ በላይ መቻል አቃተው። መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ብርዱ እንደ ምላጭ ገባ፤ ሽታው ተገፍቶ ወጣ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያገኘው የመጀመሪያ ንጹሕ አየር ነበር። እስከ ሆዱ ድረስ ሳበው። የፍሪጅ በር ሲከፈት እንኳ «ዝጉ!» የሚሉት ሽማግሌ ዛሬ ጋቢያቸውን ብቻ ጠበቅ አደረጉ። ወደ ጎን ሲያይ አገጫቸው በብርዱ ይንቀጠቀጣል። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ድምፅ እንዳያወጡ፣ ወደፊት እያዩ ነው።

አንዴ ደግሞ በረጅሙ ተነፈሰና መስኮቱን ዘጋው። ቤታቸው እስካለበት ዌስተን ድረስ በአፉ እየተነፈሰ ነዳ።