ዊልፍን ያናገርኩ ዕለት

በየዓመቱ በጋ ሲገባ ከኬንዳል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ የድሮ የጭነት መኪኖች ይሰለፋሉ። አትኪንሰን፣ ፎደን፣ ሌይላንድ፤ ተወልውለው ተወልውለው ፊትህን ያሳዩሃል። በእኛ ዘመን እንዲህ የሚያበራ መኪና ብናይ ኖሮ ሹፌሩ ሥራ ፈት ነው ብለን እንስቅበት ነበር። ቢሆንም አልቀርም። ሞተሩ ሲነሣ ልቤ አብሮ ይነሣል። የናፍጣው ሽታ፣ ሸራው ላይ የሚወርደው የዝናብ ድምፅ፣ ጋቢናው ውስጥ ከጎናችን የሚያገሳው ሞተር ባንድ ወገን ሲጠብሰን በበሩ ሽንቁር የሚገባው ብርድ በሌላ ወገን እግራችንን ሲያደርቀው፤ ይህ ሁሉ ይናፍቀኛል። ሞኝነት ነው፤ ግን ይናፍቀኛል።

ዘንድሮ አንድ ካሜራ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ጠጋ አለና፣ "አባባ፣ ያኔ ሹፌር ሁሉ ወንድማማች ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አዎ" አልኩት። እሱ ሲሄድ ግን በራሴ በገንኩ። ዊልፍ ታተርሳል ትዝ አለኝ።

ነገሩ የሆነው ገና ፈጣኑ አውራ ጎዳና ሳይሠራ፣ ወደ ስኮትላንድ የሚሄድ ጭነት ሁሉ የሻፕን አቀበት በሚወጣበት ዘመን ነው። እኔና ዊልፍ ብላክበርን ውስጥ ኦልድክሮፍት ለሚባል የጭነት ድርጅት እንነዳ ነበር። አንድ ዓመት አድማ መታን። ሁላችን መኪናችንን አቁመን በሩ ላይ ስንቆም ዊልፍ ብቻ መኪናውን አስነሥቶ በመሃላችን ሰንጥቆ ወጣ። አድማው ሲያበቃ ማንም እጁን አላነሣበትም፣ ማንም አልሰደበውም። ዝም ተባለ፣ በቃ። ደህና አደራችሁ ሲል ሰው ሁሉ ግድግዳ ያያል። ይህ የእኛ አገር ሰው የተካነበት ቅጣት ነው። ሁለት ዓመት ሞላው። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ዊልፍን በጠየቁት።

እኔም አላናገርኩትም። አድማ መስበር ነውር ነው፤ ያኔም ዛሬም አቋሜ ይኸው ነው፣ ማንም አያስለውጠኝም።

ዝምታው መንገድ ላይም ይከተለው ነበር። እኛ ሹፌሮች በመብራት እንነጋገራለን። አንዱ ሌላውን ሲቀድም መኪናው ረጅም ስለሆነ ጅራቱ ማለፉን ራሱ አያውቅም፤ የተቀደመው ሰው መብራቱን ብልጭ ያደርግለታል። አልፈሃል፣ ግባ ማለት ነው። ለዊልፍ ይህን የሚያደርግለት ጠፋ። ጭራሽ አንዳንዱ ባለጌ ገና ሳያልፍ ብልጭ ያደርግበት ጀመር። ሁለት ጊዜ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ዊልፍ የማንንም መብራት አያምንም።

በኅዳር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአቀበቱ ሥር ያለው የሹፌሮች ሻይ ቤት ተቀምጠናል፤ እኔ፣ የማኅበራችን መሪ ጆ ሃስላም፣ ሌላም አንድ ሁለት ሰው። ዳቧችንን በተጠበሰ የአሳማ ሥጋ እየገመጥን በመስኮት እናያለን። ውጭ ዊልፍ የተነፈሰ የኋላ ጎማ ይቀይራል። የከባድ መኪና ጎማ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ መፍቻውን የጎማው ማሰሪያ ዳዶ ላይ ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው የመፍቻው ዘንግ ላይ ወጥቶ ይዘላል፤ ካልተዘለለበት ዳዶው አይጠብቅም። ዊልፍ ብቻውን ነው። ሊዘል በሞከረ ቁጥር መፍቻው እያመለጠ ይጥለዋል።

"ዳንስ ይለማመዳል እንዴ?" አለ ጆ።

ተሳቀ። ዊልፍ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ፣ ዕቃውን ሰበሰበና መንገድ ጀመረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እኔ ተከተልኩት፤ ጆና ሌሎቹ ከኋላዬ መጡ።

አቀበቱን ስንይዝ ጉም ወረደ። ከፊቴ ዊልፍ የወረቀት ጥቅል ጭኖ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። ዓይኔ የቀኙ የኋላ ጎማ ላይ አረፈ። ቀጥ ብሎ አይዞርም፤ ይወላገዳል። ጉሙ አታሎኝ ይሆናል ብዬ ጠጋ አልኩ። አላታለለኝም፤ ዳዶዎቹ ላልተዋል።

አቀበቱ ላይ የምንሄደው በእግረኛ ፍጥነት ስለሆነ ጎማው ይዞ ይቆይ ይሆናል። ከጫፉ ወዲያ ግን ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ ከወለቀ ዊልፍ ከነወረቀቱ ገደል ይገባል።

መብራቴን ብልጭ አደረግኩ። ምንም። ደጋግሜ አበራሁ፣ አጠፋሁ። ክላክስ ነፋሁ። ዊልፍ እጁን በመስኮት አወጣና ሁለት ጣቱን አሳየኝ። ለዚያ ስድብ አስተርጓሚ አያስፈልግም።

"አንተ ደደብ! ልትሞት ነው እኮ!" ብዬ ጋቢናዬ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ።

በእኛ አገር የሚነዳው በግራ ነውና፣ ልቀድመው ወደ ቀኝ ወጣሁ። በጉም፣ ያውም በአቀበት፣ በዚያ ጠባብ መንገድ መቅደም እብደት ነው። ጭነቴ ቀለል ስለሚል ቀስ በቀስ ጎኑ ደረስኩ። ያ ጎማ በጋቢናዬ ግራ በር በኩል፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቀርቦ ይንቀጠቀጣል። አሁን ቢወልቅ የሚመታው እኔን ነው። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩት። መኪናዬ ግን እንደ ሰነፍ አህያ ናት፤ ብትመታትም በራሷ ጊዜ ነው የምትሄደው። እንደምንም ጋቢናዬ ጋቢናውን አለፈ። ያን ጊዜ ከፊቴ ጉሙ ውስጥ ሁለት ብርሃን ወጣ። ከላይ የሚወርድ መኪና ነው።

ስፖኪዮዬን አየሁ። ጉም ብቻ። ጅራቴ ዊልፍን አልፏል ወይስ አላለፈም? ቸኩዬ ከገባሁ እሱን ጠርምሼ ከመንገድ አስወጣዋለሁ፤ ከዘገየሁ ደግሞ ከሚመጣው ጋር ግንባር ለግንባር ነኝ። ብርሃኑ ቀረበ፤ ክላክሱ ጮኸ።

ስፖኪዮዬ ውስጥ መብራት ብልጭ አለ።

ዊልፍ ነው። ግባ እያለኝ ነው። ስንት ጊዜ በውሸት መብራት የተቀለደበት ሰው፣ ዛሬ ብድሩን ሊመልስ ቢሆንስ? ከዚህ የተሻለ ቀን አያገኝም። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ዓይን እስኪርገበገብ ነው። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ።

ምንም አልነካሁም። የሚወርደው መኪና እየጮኸ በጎኔ አለፈ። ዊልፍ እውነቱን ነበር።

ጫፉ ላይ ሳንደርስ ፍሬን እየያዝኩ አፍንጫው ፊት ቆምኩ፤ እሱም ከመቆም ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ወረድኩ። ዊልፍም ወርዷል፤ መፍቻውን ከፍ አድርጎ ይዟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ሊደበድቡኝ መጡ ብሏል።

"አንዲት እርምጃ ጠጋ በልና ጭንቅላትህን ባልፈነክተው!"

"ዊልፍ፣ ጎማህ!"

"ምን?"

"የቀኝ የኋላ ጎማህ ሊወልቅ ነው። ሂድና እይ፣ አንተ ደረቅ!"

ጎማውን ግን አላየም። የሚያየው እኔን ነው። "ሲሪል፣ አናገርከኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"አዎ፣ አናገርኩህ። አሁን ጎማውን እይልኝ በእናትህ!"

ሄዶ አየ። ዳዶዎቹ በጣት የሚዞሩ ሆነዋል፤ አንዳንዱማ ጭራሽ የለም። ዊልፍ እርጥቡ አስፋልት ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። እኔ መፍቻውን ከእጁ ተቀብዬ ዳዶው ላይ ደግፌ ያዝኩና፣ "ተነሥ፣ ዝለል" አልኩት።

እሱ ሲዘል፣ እኔ ስደግፍ፣ ጆ ሃስላም መኪናውን ከኋላ አቁሞ በእግሩ መጣ። አጠገባችን ቆሞ አየን።

"ሲሪል" አለኝ፣ "ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

ይህ በእኛ ዘንድ ጥያቄ አይደለም። ከማንም ጋር አላወራም ካልኩት ነገሩ እዚያው ይቀበራል፤ ሰኞ አብሬያቸው ሻዬን እጠጣለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ዝምታው ለእኔም ይተርፈኛል፤ ለእኔ ብቻም አይደለም፣ ባለቤቴ ኤድና እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምትቀመጠው ከሚስቶቻቸው ጋር ነው። ፈራሁ። ጉሙ ውስጥ ከፈራሁት የበለጠ ፈራሁ።

"ከዊልፍ ጋር ነዋ" አልኩት። "ጎማው ሊወልቅ ነው። ና፣ አንተም አግዘን።"

"ሌላ ሰው አይታየኝም" አለ ጆ።

"እንግዲያው መነጽር ግዛ!"

አልሳቀም። ትንሽ አየኝና ዓይኑን ከፊቴ አንሥቶ፣ ግድግዳ በሌለበት ጉሙን አየ። ገባኝ። ወደ መኪናው ተመለሰ፤ ሞተራቸውን አስነሥተው አንድ ባንድ በጎናችን አለፉ። ጆ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ልጄን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። በስሙ ጠራሁት። ዞር ብሎም አላየኝ።

ዊልፍ መዝለሉን ቀጠለ። እየዘለለ ማውራት ጀመረ። መጀመሪያ ስለ ጎማው ነበር። ከዚያ ለውድድር ስለሚያረባቸው እርግቦች፣ አንዷ ፈረንሳይ አገር ተለቅቃ በማግስቱ ቤቷ ስለመግባቷ። ከዚያ ስለ ሚስቱ የጉልበት ሕመም፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ስለ ሞተሩ ድምፅ። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ያነሣል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሆኖም አያቆምም። እኔ አላዳምጠውም ነበር። ኤድናን ምን ብዬ እንደምነግራት ነበር የማስበው።

ድንገት ወሬውንም ዝላዩንም አቆመ። ዘንጉ ላይ እንደቆመ ቁልቁል አየኝ።

"ሲሪል፣ እየሰማኸኝ ነው?"

"እየሰማሁህ ነው" አልኩት። "እስቲ የእርግቧን ነገር እንደገና ንገረኝ።"

ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረኝ።