ሜቴን ያልገባበት ሜታኖል

የሜቴን ጋዝ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ነድዶ ማለቅ ይቀናዋል። ዶክተሩ ግማሽ መንገድ ላይ አስቁሞ ሜታኖል የሚባለውን ፈሳሽ ሊያደርገው ስምንት ዓመት ለፍቷል፤ ያገኘው ነገር ቢኖር የሚያምር የቢዝነስ ካርድ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን መለኪያው ብዙ ሜታኖል አሳየ። ዶክተሩ ደረቱን ነፍቶ የፋኩልቲውን ዲን አስጠራ። መመረቋ በዚህ ሙከራ ላይ የተንጠለጠለ አንዲት ተማሪውም በደስታ ዘለለች።

የላብራቶሪው ዕቃ አጣቢ ሽማግሌ ጠጋ አሏት። «ልጄ፣ የሜቴኑን ሲሊንደር እኮ ከትናንት ወዲያ ዘግቼዋለሁ።»

«ታዲያ ሜታኖሉ ከየት መጣ፣ ጋሼ?»

«የሙከራውን ቱቦ ያጠብኩበት ነዋ! በውሃ እንዳይነካ ያለው ዶክተሩ ራሱ አይደል?»

ፊቷ አመድ መሰለ። ዲኑ በሩ ላይ ሲደርስ ዶክተሩን በእጅጌው ጎትታ የሰማችውን ነገረችው። ዶክተሩ ለአፍታ አሰበና ፊቱ በራ።

«ሰሙ፣ ዲን? ያለ ሜቴን ይህን ያህል ከወጣ፣ ሜቴን ሲገባበትማ ያስቡት!»

ዲኑ አጨበጨበ። ተማሪዋ መመረቋን በልቧ ለከርሞ አሻገረችና ቱቦውን ልታደርቅ ሄደች።