ለጊዜው የታሰረው ሰልባትዮ

ዘሥላሴ እባላለሁ። የጭነት መኪና ሰልባትዮ፣ ያንን ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ናፍጣ የሚይዘውን ጋን፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከእኔ እኩል ጥፍር አድርጎ የሚያስር ካለ ይምጣ! ተሸካሚ ብረቱ የዛገበትን፣ የብረት ቀበቶው የተበጠሰበትን ሹፌር ሁሉ "በሽቦ ጠፍረህ ትነዳለህ? አንተ ሰው ነህ?" እያልኩ ስሳደብ ነው የምውለው። ታዲያ ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል አይደል የሚባለው?

ያን እሑድ ሽማግሌዎቼ ፀደንያን ሊጠይቁልኝ አንኮበር መሄድ ነበረባቸው። ሁለት ዓመት የወደድኳት ልጅ ናት። "እሑድ ካለፈ አባቴ ለሌላ ሰው ቃል ይሰጣል" ብላኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጓደኛዬ ባየው በጭነት መኪናው ላድርሳቸው አለ። ቅዳሜ ጎንበስ ብዬ ሳይ አንዱ ቀበቶ ተበጥሷል፣ ተሸካሚ ብረቱም ተሰንጥቋል። አዲሱን አውጥቼ ነበር፤ ግን ሱፌን ከልብስ ሰፊው መቀበል አለብኝ። የሚገርመው ሽምግልናው ላይ እኔ አልሄድ! ሱፉ ለምኔ ነው? ብቻ በሽቦ ጠፈርኩና "ለጊዜው ነው" አልኩ።

እሑድ ጠዋት ባየው ደወለ።

"ወደቀ" አለኝ።

"ማን? ጋሽ ገብረአብ?"

"ሰልባትዮው! እነ ፀደንያ ግቢ ውስጥ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ጋሽ ገብረአብ እንደ ወጉ "እሺ ሳንባል አንቀመጥም" ብለው ቆመዋል። የፀደንያ አባት አቶ ኪዳነ ማርያም "ልጁ ሙያው ምንድን ነው?" ይሏቸዋል። "የመኪና ጋን አሳሪ ነው። እሱ ያሰረው ምጽአት ቢመጣ አይወድቅም!" ይላሉ። ይኸኔ ባየው መኪናውን ጥላ ሊያስይዝ አንቀሳቀሰው። ጓ! ናፍጣው ወርዶ የቤቱን ጎመን አጠጣው።

"ማነው ያሰረው?" አሉ አቶ ኪዳነ ማርያም። ባየው ደግሞ ውሸት አያውቅበትም፤ ስሜን ተናገረ።

"ይምጣና ይሰረው! እስኪመጣ መልስ የለም።"

ወይ ጉዴ! ጠያቂው በሽምግልና ቀን እዚያ ደጅ መታየቱ ነውር ነው። ግን ምን ላድርግ? ቀበቶውን፣ ብረቱን፣ ቡሎኑን ጭኜ በጎረቤት ሞተር በረርኩ። ያንኑ ሱፍ ለብሻለሁ።

ስደርስ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ጋሽ ገብረአብ ከዘራቸውን ተደግፈው "ልጄ፣ ይሄ እግር የኔ አይደለም፤ ፍጠን" አሉኝ። ከነሱፌ ናፍጣው ያቦካው ጭቃ ላይ ተጋደምኩ። ፀደንያ በመስኮት አይታኝ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ተናደድኩ፤ የተናደድኩት በራሴ ነው። የተሰነጠቀውን ብረት ፈትቼ ጣልኩና አዲሱን በአራት ቡሎን ገጠምኩ። ከባየው ጋር ጋኑን በክሪክ አንስተን፣ ከቀበቶው ሥር ላስቲክ አንጥፈን፣ መዳፌ እስኪላጥ አጠበቅሁ።

አቶ ኪዳነ ማርያም መጥተው ጋኑን ገፉት። ፍንክች አላለም። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጋቢያቸውን ሰብስበው ላዩ ላይ ወጡ! ያን ሁሉ ሰውነት ይዘው ሦስቴ ነጠሩበት። እኔ እመብርሃንን ጠራሁ። ያዘ።

"ይኼን ለምን ትናንት አላደረግኸውም?" አሉኝ እዚያው ላይ ሆነው።

"ለጊዜው ብዬ ነው፣ አባቴ።"

"ልጄንስ?"

"እሷን እንኳ..." አልኩና እንባዬ ቀደመኝ። በዚያ ጥቁር እጄ ስጠርገው ፊቴ ግሪስ በግሪስ ሆነ።

ከጋኑ ወረዱ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው "በሉ እንግዲህ ተቀመጡ" አሉ።

ጋሽ ገብረአብ ወንበር እስኪመጣ አልጠበቁም። ናፍጣው ላይ ዘፍ አሉ።