ለትሎች የተሰፋች ሙታንታ

ልብስ ሰፊው በዕድሜው ብዙ ዓይነት ትእዛዝ ተቀብሏል። እንድትቀበር የታዘዘች ሙታንታ ግን ሰፍቶ አያውቅም ነበር። ያዘዘችው ደግሞ የገዛ ልጁ ናት።

«ሁለት ነጭ ሙታንታ ስፋልኝ አባዬ» አለችው፣ ጭቃ የበላውን ጫማዋን የሱቁ ደፍ ላይ እየጠረገች። «ጨርቁም ክሩም ንጹሕ ጥጥ ይሁን። አንዷን ጫካዋ ውስጥ፣ አንዷን የሊቀመንበሩ ሣር ሥር ልቀብር ነው።»

«ምን ቢበድሉሽ ነው ገና ሳይለበሱ የምትቀብሪያቸው?»

ልጅቱ የአፈር ተመራማሪ ናት፤ ሰፈሩ ግን «የትሏ ዶክተር» ነው የሚላት። ነገሩ የተጀመረው በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ነው። ከቤቶቹ ጀርባ ማንም ያልተከላት፣ ማንም የማይጠርጋት ትንሽ ጫካ አለች። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የወደቀ ቅጠል ባየ ቁጥር ፊቱ ስለሚለዋወጥ በሌለበት «መጥረጊያው» የሚባለው ሰው፣ ዛፎቹ ተቆርጠው ቦታው በማኅበሩ ቢሮ ደጅ እንዳለው ያለ የተላጨ ሣር ይሁን አለ። «እሱ ጫካ አይደለም፣ ቆሻሻ ነው። አፈሩም የሞተ ነው።»

ሰው ፊት ስትናገር ድምፅዋ የሚጠፋባት ልጅ ያን ቀን ብድግ ብላ «የሞተውስ የእርስዎ ሣር ነው» አለችው። ነፍስ ያለበት አፈር ጥጥ ይበላል፤ ስለዚህ ሁለት የጥጥ ልብስ ይቀበር አለች። ከሁለት ወር በኋላ የጫካዋ ተበልቶ የሣሩ ከተረፈ ጫካዋ አትነካም። ካልሆነ መጋዙ ይምጣ። ሊቀመንበሩ እየሳቀ ተስማማ።

«እና ማን ነው የሚበላት?» አለ ልብስ ሰፊው፣ ጠመኔውን ጨርቁ ላይ እያስኬደ።

«ሁሉም! ቅጠል ይወድቃል። ሺ እግር ይቆራርጠዋል፣ ሻጋታው እንደ ክር ውስጥ ለውስጥ ገብቶ ያላላዋል፣ ትሉ ወደ ጉድጓዱ ይጎትተዋል። በትሉ ጉድጓድ ደግሞ ውኃ ይገባል። ወፏ ትሉን ፍለጋ መጥታ ዘር ጥላ ትሄዳለች። ዛፎቹን ማን የተከላቸው ይመስልሃል?»

«ሰውስ የለበትም?»

«ሰውማ ይጠርጋል፣ ይረግጣል፣ መድኃኒት ይረጫል። ከዚያ አፈሩ ለምን ደረቀ ብሎ ስብሰባ ይጠራል።»

እስከዚህ ሰላም ነበር። ነገር ያመጣው ጎረቤቱ ጸጉር አስተካካይ ነው። አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ «አንተ ሰውዬ! ዕድሜ ልክህን ‹የኔ ስፌት አይፈታም› ስትለን ኖረህ፣ አሁን ትል ሊፈታልህ ነው አሉ!» አለ።

«የኔን ስፌት?» አለ ልብስ ሰፊው። «ትሉ ጥርሱን ይጠንቀቅ።»

«ትል ጥርስ የለውም አባዬ።»

«እንግዲያው ድዱን።»

ልጅቱ እንደወጣች የጥጡን ክር መሳቢያ ውስጥ መለሰውና ለወፍራም ካፖርት የሚያስቀምጠውን፣ አፈር የማይበላውን ፖሊስተር ክር መርፌው ውስጥ ሰካ። ጨርቁ የልጁ ጉዳይ ነው፤ ስፌቱ ግን የእሱ ስም ነው። ጠርዙን ሁሉ በሁለት መስመር ደርቦ ሰፋው።

ሙታንታዎቹ ተቀበሩ፤ ሁለት ወር ሞልቶ የሚወጡት ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው «እግሬን ላፍታታ» ብሎ ከሱቅ ወጣ። እግሩ ሲፍታታ፣ ሲፍታታ፣ ልጁ ጫካዋ ውስጥ ምልክት አድርጋ የተከለቻት እንጨት አጠገብ ደረሰ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስፌቷን ብቻ ሊያይ። ከሚስቱ ወጥ ቤት የወሰደውን ትልቅ ማንኪያ አወጣና ቆፈረ። አፈሩ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ለስላሳ ነው። አንዲት ጥንዚዛ መንገድ የዘጋባት ይመስል ጣቱ ላይ ወጥታ፣ በማዶ ወርዳ ሄደች። ከዚያ ላስቲኩ ብቅ አለ። ከላስቲኩ ሥር የተንጠለጠለ ክር፣ ከክሩ ጋር የተጣበቀ አፈር። ጨርቅ የሚባል ነገር የለም።

ልጁ የምትፈልገው ይህንኑ እንደሆነ ያውቃል። ግን ዕድሜውን ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ እጅ እንዲህ ያለ ጉድ አይቶ እንዴት ዝም ይበል? ደግሞ ያ ጸጉር አስተካካይ ነገ ይህን እያየ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ታየው። «ትንሽ ልጠጋግናት» አለ ለራሱ። «ለልጅቱ የሚበቃ ቀዳዳ ይቀራል።»

ሱቅ ገብቶ መርፌ ቢያነሣ፣ መርፌው የሚወጋው ጨርቅ አጣ። ስለዚህ አዲስ ጨርቅ አመጣ። አዲስ ጨርቅ ከመጣ ዘንድ አዲስ ሰፋ። ከሰፋ በኋላ ቀዳዳ ሊያበጅላት መቀሱን አነሣ፤ እጁ እምቢ አለው። ደህና ጨርቅ በከንቱ በስቶ አያውቅም። ጭቃ ለቅልቆ ወስዶ ቀበራት። አሮጌዋንም ከነአፈሯ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት፤ ላስቲክ መጣል አይወድም።

«ነገ የጫካዋ ሙታንታ ደህና ሆና ከወጣች» አለች ልጅቱ ራት ላይ፣ «ሰኞ መጋዝ ይገባል። በቃ፣ ያልቅላታል።»

የጎረሰው ጉሮሮው ላይ ቆመ።

«ምነው?» አለች ሚስቱ።

«አጥንት ነው።»

«የድንች ሾርባ ውስጥ?»

ማልዶ ሄዶ አሮጌዋን ሊመልሳት ቆረጠ። ማልዶ ሲደርስ ግን ልጁ እንቅልፍ አጥታ እንጨቷ አጠገብ ተቀምጣለች። «አንተም አልተኛህም አባዬ?» አለችው። ኪሱን በእጁ ጨብጦ ተመለሰ።

ረፋዱ ላይ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። መጀመሪያ ሣሩ ተቆፈረ። አካፋው ድንጋይ የነካ ይመስል ጮኸ። የወጣችው ሙታንታ ትንሽ ከመወየቧ በቀር ደህና ነበረች።

«ታጥባ ትለበሳለች!» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«የኔ ሣር የሰው ንብረት ያከብራል» አለ ሊቀመንበሩ።

ከዚያ ወደ ጫካዋ ሄዱ። ልጅቱ ተንበርክካ በእጇ ቆፈረች። ጎትታ አወጣቻት፣ አራገፈቻት። ጭቃው ሲረግፍ ሙታንታዋ ቦግ አለች። ነጭ፣ ሙሉ፣ አንድ ቀዳዳ የሌላት።

«እንዴት ነው የትሏ ዶክተር» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ትሎችሽን ሆዳቸውን አሟቸዋል እንዴ?» ሰው ሳቀ።

ልጅቱ የሙታንታዋን ጠርዝ ገለበጠች። የአባቷ ሰማያዊ የጠመኔ መስመር ገና አልደበዘዘም። ቀና ብላ አባቷን አየችው። ማወቋን አወቀ። አንድ ቃል ብትናገር ጫካዋ ትተርፋለች፤ ልብስ ሰፊውም ያን ቃል ጠበቀ። እሷ ግን ሙታንታዋን በጥንቃቄ አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘቻትና አንገቷን ደፋች።

ብትጮኽበት ይችለው ነበር። ዝምታዋን አልቻለውም።

«ቆይ! ቆዩ!» ሰውን እየገፋ መጣ። ከኪሱ ቡትቶዋን ሲመዝ አንድ የሰባ ትል አብሮ ወጥቶ የሊቀመንበሩ የተወለወለ ጫማ ላይ ዱብ አለ። ሊቀመንበሩ ዘለለ። «የተቀበረችው ይቺ ናት። ትናንት አውጥቼ አዲስ የቀበርኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ላስቲኩን በሁለት እጁ ወጥሮ ከፍ አደረገው። ከሥሩ ክሩ ብቻ ተንጠለጠለ፤ የእግር መግቢያው፣ የግራና የቀኝ ጎን መጋጠሚያው፣ ሁሉም መስመር በቦታው። አየር ላይ የተሳለች ሙታንታ ትመስላለች። በመካከሏ የሊቀመንበሩ ፊት ይታያል።

«ጨርቁስ?» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«በሉት።»

«ስፌቱስ?»

ልብስ ሰፊው አንገቱን ቀና አደረገ። «አንተው ፈልግ። የተፈታች አንዲት ካገኘህ ሱቁን ውሰድ።»

ጸጉር አስተካካዩ መነጽሩን አድርጎ፣ አጎንብሶ፣ መስመር በመስመር ፈለገ። «ኧረ ይሄ ሰው ጤና የለውም!» አለ በመጨረሻ። «አንዲትም የለች!»

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ከኪስ የወጣ ማስረጃ አልቀበልም።»

«እንደገና ይቀበራ!» አለች አንዲት ጎረቤት ከኋላ። ሰው ሁሉ ተቀበላት። ሁለት ወር ይጨመር፤ እስከዚያ መጋዝ አይገባም።

«ይሁን» አለ ሊቀመንበሩ ተናዶ። «ማንም እንዳያጭበረብር ግን በዚህ ጊዜ የኔ ሙታንታ ይቀበር!» ሳቁ ጫካዋን ሲያናውጣት፣ «አዲስ ማለቴ ነው! አዲስ!» አለ።

ልብስ ሰፊው ግን ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የሊቀመንበሩን ወገብ መለካት ጀምሮ ነበር።

አባትና ልጅ አብረው ወደ ሱቅ ተመለሱ።

«ክሩም ጥጥ ይሁን ብዬህ አልነበር?» አለችው።

«ነበር።»

«አሁንስ?»

«ክሩንም ይብሉት?»

«ክሩንም አባዬ።»

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ የጥጡን ክር ከመሳቢያው አወጣ፣ መርፌው ውስጥ ሰካ፣ ፔዳሉን ረገጠ። እንደ ልማዱ የአዲሷን ሙታንታ ጠርዝ በሁለት መስመር ደርቦ ሰፋው። ሰፍቶ ጨርሶ አገላብጦ አያት። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ትንሿን መቀስ አነሣና ከሁለቱ መስመር አንዱን፣ ቀስ እያለ፣ በገዛ እጁ ፈታው።